በልጅ አገር ፀሐይ

ናባድዊፕ፤ የዶል በዓል ማግስት
ማርች 8 ቀን 1985

ለልጄ ለኬተኪ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጌታ ጎቪንዳ ይመስገን ደህና ነን። ትናንት የተረጨብን ቀይ ዱቄት ከጆሯችን አልወጣም እንጂ ሌላ የሚያማርር ነገር የለም።

መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜሽ አይደለም። የእንኳን አደረሳችሁ ቴሌግራምሽ የደረሰው በበዓሉ ዋዜማ ስለሆነ እስከ ዛሬ ጠዋት ሳይከፈት መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስዊድን ብዙ ተቀመጥሽና ረሳሽው እንዴ? መቅደስ የሚያገለግል ሰው በዋዜማ ቴሌግራም አይከፍትም። መርዶ ቢሆንስ? የዘመዱን ሞት የሰማ ሰው አሥር ቀን የጌታን ምስል መንካት አይችልም፤ ያልሰማ ግን፣ የሟቹ አመድ ጋንጋ ወንዝ ገብቶም ቢሆን፣ እጁ ንጹሕ ነው። የአጎቴ ልጅ የሞተ ጊዜ መርዶ ነጋሪው በሠረገላው በዓል ዋዜማ ከች ሲል በጓሮ በር ወጥቼ ሸንኮራው ውስጥ የተደበቅሁትን አትረሺውም። እናትሽ ደጃፉ ላይ ተገትራ፣ «ሰውዬው የለም፤ እኔም ዛሬ ጆሮዬ አይሰማም። ነገ ማታ ና፣ ያኔ አብረን እናለቅሳለን» አለችው። ሰውየውም የአገሩን ወግ ያውቃልና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

«እዚህ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሚውል በዓላቱን ወደ እሁድ ብናዛውራቸውስ» ያልሽውን ለእናትሽ አነበብኩላት። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! ልጄ፣ ጨረቃ የፋብሪካ ሠራተኛ አይደለችም፤ የእሁድ ዕረፍት የላትም። ማኅበራችን በየአገሩ የጸሎት ቤት ከፍቷል። ሁሉም እንደየሥራው ሰዓት በዓሉን ካዛወረ እኔ እዚህ ዓመቱን ሙሉ የበዓላቱን ቀመር የምቀምረው ለማን ነው? በቀኑ ያልተከበረ በዓል ገበታው ከተነሣ በኋላ እንደሚመጣ እንግዳ ነው። ያሳዝናል፣ ግን የሚቀርብለት የለም።

«በቀመሩ ሰንጠረዥ ላይ ለእኛም የራሳችን ዓምድ ይሠራልን» ስላልሽው ግን እውነት አለሽ። ጾሙም በዓሉም የሚቆጠረው ሰው በቆመበት ምድር የፀሐይ መውጫ ነው፤ ለዚህም ነው አንዳንዱ ጾም ለእኛ ማክሰኞ ሲውል ለእናንተ ሰኞ የሚውለው። እስካሁን ለአውሮጳ ቤቶች ሁሉ የምንቀምረው በለንደን ፀሐይ ነው። ኮመላካንታን ጠየቅሁት። ቀመሩን እንዲያግዘኝ ማኅበሩ የላከልኝ ወጣት ሊቅ ነው፤ መጽሐፉን እንደ ውሃ ጠጥቶታል፣ ሳቅ ግን አላስተማሩትም። «ለአምስት ሰውና ለአንድ አናጢ ብዬ አዲስ ዓምድ አላሰምርም» አለኝ። ለጊዜው ታገሺው።

ዘንድሮ የሽራቦን ወር ሁለት ጊዜ ይመጣል። ጨረቃና ፀሐይ ሲራራቁ ማስታረቂያ የሚጨመረው ትርፍ ወር ነው፤ ሠርግ የማይደገስበት፣ በዓል የማይውልበት፣ ባለቤት የሌለው ወር። «ማንም አልፈለገኝም» ብሎ ሲያለቅስ ጌታ ራሱ «እንግዲያው የእኔ ነህ» ያለው ወር። ለእኔ ራስ ምታት ነው። ለእናትሽ ግን ያንቺ ልደት ነው። አገር ለሁለት በተከፈለበት ክረምት፣ በዚሁ ትርፍ ሽራቦን፣ ስምሽን ባገኘሽበት በኬተኪ ቅጠል ምንጣፍ ተጠቅልለሽ ከጀልባ መውረጃው ደረጃ ላይ ስታገኝሽ ሰዉ ከቧት «የማን ልጅ ናት? የሂንዱ ናት የእስላም?» ይላት ነበር። እሷ የመለሰችው አንድ ቃል ነው፤ «ርቧታል» አለች።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። እንዳወረደችው ጻፍኩት፦

«ኬተኪዬ፣ ይሄ ሽማግሌ ስለ ጨረቃ ሲቀባጥር ወረቀቱን ጨረሰብኝ። ሹራብሽን ልበሺ። ለጌታ ልደት የታል ጣፋጭ ጥብስ እሠራለሁ ብለሻል አሉ። እዚያ የታል ዘንባባ ፍሬ ከየት ይመጣል? በበሰለ ሙዝ ሥሪው። ጌታ ያን ቀን ሕፃን ነው፤ ከጣፈጠው ሌላ አይጠይቅም። መጠኑን ቀኑ ሲቃረብ እነግርሻለሁ፤ አሁን ብነግርሽ ትረሺዋለሽ፣ አውቅሻለሁ።»

አባትሽ
ጎኩላናንዳ


ጎተንበርግ፤ ሜይ 2 ቀን 1985

ለተከበሩ አባቴ፤

እግርዎን ነክቼ ሰላም እላለሁ። የእናቴንም እግር ሳሙልኝ፤ ማ እምቢ እንደምትል ባውቅም።

ስለ እሁድ ሁለተኛ አላነሣም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጨረቃ የፋብሪካ ሠራተኛ አለመሆኗን ለሌናርት ነገርኩት። የኮመላካንታ «አንድ አናጢ» እሱ ነው። ጥቂት አሰበና፣ «የሠራተኛ ማኅበር ቢኖራት ግን አይከፋም ነበር» አለኝ። ሰዎቼ እንደዚህ ናቸው ባባ። በበጋ የጾም ቀን ፀሐይ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስክትጠልቅ ድረስ ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ፣ ደግሞም አያማርሩም። ማማረር የእኔ ሥራ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። የጎቪንዳ ምስል ከጃይፑር ደርሶልናል! ገለባ ውስጥ እንደተጠቀለለ በሌናርት የእንጨት ሥራ ቤት ተቀምጧል፤ ሣጥኑን ማንም እንዳይነካው ብሎ ሌናርት እዚያው አጠገቡ ምሳውን ይበላል። ቤቱ የሚመረቀው በጌታ ልደት ቀን እንዲሆን የማኅበሩ ጉባኤ ፈቅዷል። ግን እወቂው ብለውኛል፦ ያ ቀን ካመለጠ ምስሉ እስከሚቀጥለው ዓመት ልደት ሣጥኑ ውስጥ ይቆያል። ዓይኑን መክፈት፣ ማጠብ፣ መንበሩ ላይ ማስቀመጥ፣ ይህን ሥርዓት የተማረ ሰው ከእኔ በቀር በዚህ አገር የለም። ከለንደንም እንዳይመጣ እነሱም ያን ቀን በዓል አለባቸው። ስለዚህ ራሴን እንደ እንቁላል ይዤዋለሁ፤ ደረጃ ስወርድ እንኳ በቀስታ ነው የምራመደው።

የክረምቱን እቅድ በሙሉ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የዥዋዥዌውን በዓል አዳራሽ ውስጥ እናደርገዋለን፤ ሌናርት ዥዋዥዌውን ሠርቶ ጨርሶ ራሱ ሦስት ጊዜ ሞክሮታል። ለጎቪንዳ ተራራ በዓል የሩዙን ክምር ከድንች ጋር እንድንቀላቅለው ይፈቀድልን?

ደግሞ የእናቴን ቃል በሚቀጥለው ደብዳቤ አታሳጥሩብኝ። እርስዎ ሲጽፉ ታስል እንደነበር ከአጻጻፉ አውቄያለሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ ቀለም ፈሷል።

ልጅዎ
ኬተኪ


ናባድዊፕ፤ የሠረገላው በዓል ማግስት
ጁን 21 ቀን 1985

ለልጄ ለኬተኪ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ድንቹ ተፈቅዷል። ጌታ ተራራ ያነሣው በጣቱ ነው፤ ድንች አይከብደውም።

ስልክ ስትደውዪ እናትሽ ለምን እንዳልቀረበች ጠይቀሻል። ስልኩ ያለው ከጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ነው፣ ሙቀቱ ዘንድሮ ለብቻው ነው፤ እስከዚያ መሄድ ሰነፈች። ነርስ ከቤታችን ስትወጣ እንደታየች ለጻፈልሽ ሰው፣ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁና፣ ስለራሱ ሚስት ይጻፍ በይው። ነርሷ የመጣችው ለእኔ ጉልበት ነው። ደግሞ ለምን በሐምሌ ልምጣ ትያለሽ? መንገዱ ረጅም ነው፤ ከመንገድ ታመሽ ብትመለሺ ምስሉን ማን ያነሣዋል? አትምጪ። የእናትሽም ቃል ይኸው ነው።

ትናንት ሠረገላው በደጃችን ሲያልፍ ገመዱን አልሳበችም። አልጋውን ወደ በረንዳው አውጥተንላት ተቀምጣ አየች። ሳቢዎቹ ግን ያውቋታልና የገመዱን ጫፍ አምጥተው በእጇ አስያዟት። ሠረገላው እስኪያልፍ ድረስ ይዛው ቆየች።

ቃሏ ይኸው፦

«ደህና ነኝ። እንዳትመጪ። ሹራብሽን።»

አባትሽ
ጎኩላናንዳ


ናባድዊፕ፤ በትርፉ ወር
ኦገስት 5 ቀን 1985
ከጌታ ልደት በፊት ፖስታ ቤት የማይገባ

ልጄ፤

እናትሽ ሱሮዱኒ ትናንት ጠዋት ሞተች። ሌላ አጻጻፍ ፈልጌ አጣሁ።

ሳንባዋ ነበር። ከዶል በዓል በፊት ጀምሮ እናውቅ ነበር። አንቺ እንዳትሰሚ የፈለገችው እሷ ናት፤ ሙቀትና ጉልበት እያልኩ የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ንዴትሽን በእኔ ላይ አውጪው፣ እሷን ተያት።

ባለፈው ሳምንት ኮመላካንታን አስጠራችው። መጽሐፉን ይዞ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንተ ሊቁ፣ እኔ ብሞት ልጄ መቅደሷን መዝጋት አለባት?» አለችው።

እሱም በትሕትና መለሰላት። «እናቴ፣ አይጨነቁ። የሞት ርኩሰት የሚሄደው በደምና በዘር ነው። እሷ ከእርስዎ ጋር ደም የላትም፤ ከማን እንደተወለደችም አይታወቅም። በዕለቱ ቴሌግራም ቢደርሳት እንኳ አይነካትም። ምረቃዋን ትቀጥላለች።»

ሊያጽናናት ብሎ ነው። እናትሽ ግን ከአልጋው ተነሥታ ተቀመጠች። ወር ሙሉ ያለ ደጋፊ ተነሥታ አታውቅም ነበር።

«አይነካትም?» አለችው። «እኔ ሞቼ ልጄን አይነካትም? በጣቴ ወተት እያላስኩ ያሳደግኋት! ፈንጣጣ ሲይዛት አብሬያት አንድ ምንጣፍ ላይ የተኛሁ! አይነካትም አልከኝ? ተነሥ፣ ውጣልኝ። መጽሐፍህንም ይዘህ ውጣ!»

እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች። «ስማ አንተ ሽማግሌ» አለችኝ፣ «መርዶዬን በዋዜማ እንዳታሰማት። እሱ የሚለውን ተወው። ልጄ ናት፤ ይነካታል። እጇን ያስራታል። ልደቱ እስኪያልፍ ጆሮዋን ጠብቅልኝ።»

እነሆ እየጠበቅሁ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ጨው የሌለው ሩዝ በቀን አንዴ ይሰጡኛል፤ ምስሉን አልነካም፣ ቀመሩንም አልነካም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ሐዘን የሚቀለው ከሚካፈሉት ጋር ነው፤ የምትካፈለኝ ሰው ደግሞ ከአንቺ በቀር የለኝም። ለአንቺም መንገር አልችልም። ኬተኪ፣ በሕይወቴ እንደዚህ የከበደኝ ትእዛዝ የለም።

አባትሽ


ጎተንበርግ፤ ኦገስት 19 ቀን 1985

ለተከበሩ አባቴ፤

እግርዎን ነክቼ ሰላም እላለሁ።

ዛሬ ከማ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ይንገሩልኝ። ትርፉ ወር መጥቶ አለፈ፤ ያውም የተደገመው ሌላ ወር አይደለም፣ የራሴው ሽራቦን ነው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው እስከ ዛሬ የተመለሰልኝ። የልደት ቃሏ ግን አልደረሰኝም! ዓለም ቢገለበጥ አትረሳም ነበር። ሌናርት አይቶኝ ሲያዝን በሙዝ ላይ ሻማ ተክሎ አመጣልኝ፤ ኬክ እንቁላል አለው ብዬ ስለከለከልኩት ነው።

የምታረቃት በአንድ ነገር ብቻ ነው። የጥብሱን መጠን በቃሏ ትላክልኝ። ቀኑ ሲቃረብ እነግርሻለሁ ብላኛለች፤ ይኸው ተቃርቧል። ሌላው ሁሉ ተሰናድቷል። መንበሩ ለስልሷል፣ አልባሳቱን ሰፍቻለሁ፣ ከጋንጋ ያመጣሁትን የማጠቢያ ውሃ ዕቃ ገና አልከፈትኩትም። ማ እዚህ ብትሆን ጉድለት ትፈልግና ታጣለች፤ ይህም ያናድዳት ነበር።

ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ
ኬተኪ


ናባድዊፕ፤ ኦገስት 27 ቀን 1985

ለልጄ ለኬተኪ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

የጥብሱ መጠን እንዲህ ነው፦ በደንብ የበሰለ ሙዝ ስድስት፤ የሩዝ ዱቄት ሁለት ስኒ፤ የስንዴ ዱቄት አንድ ስኒ፤ ስኳር አንድ ስኒ፤ የተፈቀፈቀ ኮኮናት። በእጅሽ እሺው። ዘይቱ ሳይጨስ አውጪው።

ልደትሽን አልረሳችም። ስለ እናትሽ ከበዓሉ በኋላ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። አሁን ልብሽን ሥራው ላይ አድርጊው።

አባትሽ
ጎኩላናንዳ


ጎተንበርግ፤ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1985

ባባ፤

እንዴት ቻልክ? አንድ ወር ሙሉ ለብቻህ እንዴት ቻልክ? «እርስዎ» ብዬ ለመጀመር ሦስት ወረቀት አበላሸሁ፤ ዛሬ አልቻልኩም፣ ይቅር በለኝ።

ቤቱ ተመርቋል። መጀመሪያ እሱን ልንገርህ፣ እሷም መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነውና። በጌታ ልደት ሰዓት ዓይኑን ከፈትኩ፣ አጠብኩት፣ አለበስኩት፣ መንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከከተማው የመጣ እንግዳ አዳራሹን ሞልቶ ደጅ ድረስ ቆሞ ነበር። ሌናርት መዶሻውን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ አለቀሰ።

አሁን ደግሞ አንተ ያላወቅከውን ስማ። አውቄ ነበር። የጥብሱ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀመጥኩ። ጨው የለውም። ማ ቁንጥር ጨው ሳትጨምር ጣፋጭ ሠርታ አታውቅም፤ «ስኳር ብቻውን ሞኝ ነው» ትል ነበር። ያንን መጠን የነገረችህ እሷ እንዳልሆነች ያን ጊዜ ገባኝ። አጠገቧ ተቀምጠህ ስትበላ ካየኸው ነው የጻፍከው። አጠገብህ ብትኖር ደግሞ ትጮህብህ ነበር።

ለሌናርት «ከናባድዊፕ የሚመጣ ነገር ሁሉ በዓሉ እስኪያልፍ ከእኔ አርቀው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖስታውን የሚቀበለው እሱ ሆነ። ያልሰማ ጆሮ ንጹሕ ነው ብላችሁ አስተምራችሁኛል፤ ስለጠረጠረ ልብ ግን ምንም አላስተማራችሁኝም። ምስሉን ሳጥብ የጋንጋውን ውሃ ወለሉ ላይ ደፋሁት። ሰዉ የደስታ መሰለው። እኔ ግን በልቤ «ማ፣ ትንሽ ቆዪኝ፣ አሁን መጣሁልሽ» እያልኩ ነበር።

መርዶህ ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ደረሰ፤ በዚያው ቀን የኮመላካንታም ደብዳቤ። ክፉ ሰው አይደለም ባባ። በመልካም ልብ ነው የጻፈልኝ፦ «ከእሷ ጋር የደም ዝምድና ስለሌለሽ ሥርዓቱ አያስገድድሽም። አዲስ የተመረቀ መቅደስ ነውና አንድም ቀን ሳታቋርጪ አገልግሎትሽን ቀጥዪ።» አነበብኩት፣ መልሼ አጣጠፍኩት፣ የመቅደሱን ቁልፍ ለሌናርት ሰጠሁት። ምረቃውን ባይችል የዕለቱን አገልግሎት አስተምሬዋለሁ። ሰንደሉን እንደ ግድግዳ ልስን ነው የሚለቀልቀው፤ ጌታ ይታገሰው።

አሥር ቀን ወለሉ ላይ ተኛሁ። ጨው የሌለው ሩዝ በቀን አንዴ በላሁ፤ በየጉርሻው የአንተ ደብዳቤ ትዝ ይለኝ ነበር። ጸጉሬን አላበጠርኩም። ሰዎቼ እየመጡ አጠገቤ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ዝም ማለት ደግሞ ስዊድኖች ያውቁበታል። በመጨረሻው ቀን ወደዚህ ከተማ ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ። ውሃው ያቃጥላል እንጂ አይቀዘቅዝም፣ እንደዚያ ያለ ብርድ ነው። ወጥቼ ሹራቤን ለበስኩ።

ለኮመላካንታ እንዲህ በልልኝ። ክርክር የለኝም፤ መጽሐፉንም ከእሱ በላይ አላውቀውም። ግን ነካኝ። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የሚቀጥለውን ዓመት ቀመር አሁን እንደምትጀምሩ አውቃለሁ። በትርፍ ወር የሞተ ሰው መታሰቢያው መቼ ይውላል? ያ ወር ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ አልችልም፤ እኔ ለልደቴ ጠብቄያለሁ፣ ለእሷ ግን አልጠብቅም።

ልጅህ
ኬተኪ


ናባድዊፕ፤ የካርቲክ ወር
ኖቬምበር 1 ቀን 1985

ለልጄ ለኬተኪ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ጎቪንዳ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ማታ ማታ ለወሩ የሚበራውን የዘይት መብራት የማበራው አሁን እኔ ነኝ፤ ክሩን ስገምደው ይፈታብኛል። እናትሽ በሁለት ጣቷ ነበር የምታሽከረክረው።

«አንተ» ስላልሽኝ አትጨነቂ። ደስ ብሎኛል። እንዲያውም ከዚህ በኋላ አትመልሺው።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኮመላካንታ የሚቀጥለውን ዓመት ቀመር እያሰላ ተቀምጦ ነበር። ያላየሁት መስዬ ነው ያነበብኩት፣ ግን እንዲሰማ ነው። «ነካኝ» ካልሽበት ስደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። ተነሥቶ ወጣና እስከ ማግሥቱ አልተመለሰም። አሳዘነኝ፤ ወጣት ነው፣ እናቱም ገና በሕይወት አለች።

ለጥያቄሽ መልሱ ቀላል ነው። በትርፉ ሽራቦን የሞተ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በዋናው ሽራቦን፣ በዚያው የጨረቃ ቀን ይታሰባል። ትርፉን ወር አትጠብቂም። የቱ ቀን እንደሚሆን ግን ገና ልጽፍልሽ አልቻልኩም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ኮመላካንታ ዛሬ ጠዋት መጣ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠኝም። ትልቁን ወረቀት ወለሉ ላይ ዘረጋው፤ ማስመሪያውን አነሣና ከለንደን ዓምድ ጎን አንድ አዲስ ዓምድ አሰመረ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ጎተንበርግ ላይ በሽራቦን ወር ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ ትወጣለች?» አለኝ።

«ለአምስት ሰውና ለአንድ አናጢ?» አልኩት። «በለንደን ፀሐይ አይበቃም?»

«አይበቃም» አለኝ። «የእናት መታሰቢያ የሚቆጠረው በልጅ አገር ፀሐይ ነው።»

እኔ አላውቀውም፣ ልጄ። እዚያ ያለ ሰው ጠይቂና ቶሎ ጻፊልን። እሱ ብዕሩን ይዞ ተቀምጦ እየጠበቀሽ ነው።

አባትሽ
ጎኩላናንዳ